ገደሉ አጥር በነበረበት አገር

ካናዳ ውስጥ፣ ከቫንኩቨር ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ ካፒላኖ የሚባል ወንዝ ጫካ ሰንጥቆ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1889 ጆርጅ ግራንት ማኬይ የተባለ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ በወንዙ ግራና ቀኝ መሬት ገዛና ከአንዱ አፋፍ ወደ ሌላው በገመድና በሳንቃ የተንጠለጠለ ድልድይ ዘረጋ። በ1903 ገመዱ በብረት ሽቦ ተተካ። ዛሬ 140 ሜትር ገደማ የሚረዝመውና ከወንዙ 70 ሜትር ከፍ ብሎ የሚወዛወዘው ይህ ድልድይ የከተማዋ ስመ ጥር መዝናኛ ነው። እናትና አባት ልጆቻቸውን ይዘው ትኬት ይቆርጣሉ፤ መሀሉ ላይ ሲደርሱ ይጮሃሉ፣ ይስቃሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፤ ማዶ ደርሰው ይመለሳሉ። ሐሳቡ ዓለምን አዳርሷል። በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ በ2017 የተከፈተው የቻርልስ ኩኦነን የእግረኛ ድልድይ 494 ሜትር ይረዝማል። ፍርሃትም ገበያ አለው።

በሰሜን ሸዋ ግን ይህ ፍርሃት በነጻ ነው። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው አንኮበር ሲደርስ መሬቱ ያልቅበታል። ደጋው በአንድ ጊዜ ይቆረጥና የአፋር ቆላ ታች፣ በጣም ታች፣ በጭጋግና በአቧራ ተሸፍኖ ይታያል። ነፋሱ ጋቢ ይገፍፋል። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባና ከደብረ ብርሃን የሚመጡ ቤተሰቦች እዚያ አፋፍ ላይ ቆመው ልጆቻቸውን በእጅጌ ይዘው ቁልቁል ያያሉ። ያ ገደል ግን የኖረው ለመታየት ብቻ አይደለም። ለመቶ ዓመትና ከዚያ በላይ የአንድ መንግሥት አጥር ነበር፤ የሸዋ ታሪክም ከሞላ ጎደል አጥሩን የመጠበቅና የመሻገር ታሪክ ነው።

አንኮበርን መናገሻ ያደረጉት የሸዋ መሳፍንት ቦታውን ለውበቱ አልመረጡትም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ሲይዙት፣ ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 የገዙት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲያስፋፉት፣ ቁም ነገሩ ሾጣጣው ኮረብታ ነበር። ግቢው ጫፉ ላይ ተቀምጦ፣ ዙሪያውን በተደራራቢ የእንጨት አጥር ታጥሮ፣ ወደ ላይ የሚወጣውን ሁሉ ቁልቁል ያይ ነበር። ከባሕር በኩል፣ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ አቋርጦ የሚመጣ ቅፍለት መጀመሪያ ታች አልዩ አምባ ገበያ ላይ ያርፋል። እዚያ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬው ጨውና ቡና፣ ጨርቅና በቅሎ ይገበያያል፤ በአቅራቢያው ባለው የአብዱ ረሱል ገበያ ደግሞ ሰው ይሸጥ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ዳገት የንጉሡ ነው። ያለ ፈቃድ የሚወጣው የለም።

ይህን በገዛ እግሩ ያወቀው ካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በስጦታ የተጫኑ ግመሎች እየነዳ መጣና የንጉሡ ፈቃድ እስኪመጣ ታች ቆላው ላይ ተቀመጠ። ጠመንጃ ይዞ መምጣቱም ቶሎ አላስወጣውም። ኋላ ላይ ተቀባይነት አገኘ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 16 ቀን በሣህለ ሥላሴና በእንግሊዝ መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሃሪስ በ1844 ያሳተመው ባለ ሦስት ጥራዝ መጽሐፍ ብዙ ትዕቢት አለበት፤ አንባቢው ይህን እያራገፈ ካነበበው ግን ስለ አንኮበር ከተጻፉት ሁሉ ዝርዝሩ የበዛው እሱ ነው። አብሮት የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ ደግሞ ኮረብታውን፣ አጥሩንና ሣር ክዳኑን በሥዕል አስቀርቶልናል።

ገደሉ የሚያገለግለው ጠላት ለመከላከል ብቻ አልነበረም። ዙፋን ይሻማሉ ተብለው የሚፈሩ የንጉሡ ዘመዶች ጎንቾ በሚባለው የእስር ቦታ በሰንሰለት ይቀመጡ ነበር። ከሃሪስ ተልእኮ ውጤቶች አንዱ በ1843 አገሩን ለቅቆ ከመሄዱ በፊት ለእነዚህ መሳፍንት ምሕረት መለመኑና መፈታታቸው ነው።

እንዲህ ባለ አገር ድልድይ ማን ይፈልጋል? ሣህለ ሥላሴ ድልድይ ይጠሉ ነበር ለማለት አይደለም፤ ባለመኖሩ ግን ይጠቀሙ ነበር። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ዘመቻ ይቆማል፣ ነጋዴው ባለበት ይከርማል፤ መስቀል ሲደርስ መንገዱ ይከፈታል። የመንግሥቱ የጊዜ ሰሌዳ በወንዞች ሙላት የተቆጠረ ነበር። ሆኖም አጥሩ ከባሕር በኩል የሚመጣውን ያቁም እንጂ ከደጋው በኩል የመጣውን አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ሸዋ ሲገቡ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ንጉሥ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን ሞቱ፤ የ11 ዓመቱ ምኒልክና አጎታቸው ዳርጌ ተይዘው ወደ መቅደላ ተወሰዱ። እነዚህ ሁለት ዘመዳሞች ኋላ ላይ ስለ ድልድይ በሚነገረው ታሪክ ውስጥ ይመጣሉ።

ገደሉ ሰው ሲከለክል ጫካም ጠብቋል። ከአንኮበር ወደ ሰሜን በአፋፉ ላይ ተለጥፎ የሚሄደው የወፍ ዋሻ ደን በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደጋ ደኖች አንዱ ነው። ታች ዝግባና ወይራ፣ ከዚያ ጥድ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከላይ አስታና ጅብራ ነው፤ ሰው በአንድ ቀን ጉዞ ከቆላ ቀመስ ተነሥቶ ውርጭ ቀመስ ይደርሳል። ጉሬዛ ዛፍ ለዛፍ ይዘላል፣ ጭላዳ ከገደሉ ጫፍ ላይ ሣር ይነጫል፣ ድኩላ ጥሻ ውስጥ ይሸሸጋል። እ.ኤ.አ. በ1976 በዚሁ በአንኮበር አፋፍ ላይ ሳይንስ የማያውቃት ትንሽ ግራጫ ወፍ ተገኘች፤ ጆን አሽ የተባለው የወፍ ተመራማሪ ከሦስት ዓመት በኋላ በአንኮበር ስም መዘገባት። ዛሬ የወፍ ተመልካቾች ውቅያኖስ አቋርጠው የሚመጡት እሷን ለማየት ነው፤ መልኳ ድንቢጥ ስለሚመስል የአካባቢው ልጆች በፈረንጆቹ ደስታ ቢስቁ አይፈረድባቸውም።

ስለ ደኑ የሚነገረው አፈ ታሪክ ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን ይወስዳል። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው ከአዲስ አበባ ምዕራብ ያለውን የመናገሻ ሱባን ጫካ አስተከሉ ይባላል። ትክክል ከሆነ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ዛሬ በዕረፍት ቀኑ ስንቁን ቋጥሮ የሚሄድበት ጥላ የአንኮበር ልጅ ነው። ጣሊያኖችም ይህን አፋፍ ወድደውት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1876 የመጣው የማርኪስ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የጂኦግራፊ ማኅበር ቡድን ከምኒልክ ሌት ማረፊያ የሚባል ቦታ ተሰጥቶት፣ እዚያ ጣቢያ ሠርቶ ወፍና ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖረ። አንቲኖሪም በ1882 እዚያው ሞተ። ጣቢያው በኋላ ከሳይንስ ይልቅ ለፖለቲካ ማገልገሉን የዓድዋን ዋዜማ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል።

ገደል ለመሻገር የሚያስፈልገው ገመድ ነው። ገመድ ደግሞ ሰሜን ሸዋ ሞልቶታል። የደጋ ነጋዴ ጭነቱን የሚያስረው ከቆዳ በተሠራ መጫኛ ነው። ትንሽ ወደ ሰሜን፣ መንዝ ላይ ከወጡ ደግሞ ጓሳ የሚባለው ሣር አለ፦ ረጅም፣ ጠንካራ፣ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል። ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኘው የጓሳ ሜዳ በቀሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። አስቦና ጌራ ከተባሉ ሁለት አባቶች እንወለዳለን የሚሉት መንዞች አለቃ መርጠው ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሲደርስ በአዋጅ ይከፍቱታል፤ ጥሶ የገባ ይቀጣል። ሥርዓቱ 400 ዓመት ገደማ እንደኖረ ይነገራል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር ቀሮም አብሮ ወደቀ፤ ሕዝቡ ግን በኋላ በሌላ መልክ አቋቋመው፤ ቀይ ቀበሮም አብሮ ተረፈ።

እዚህ ላይ ፔሩን አለማንሣት አይቻልም። በአንዲስ ተራሮች አፑሪማክ ወንዝ ላይ ኬስዋቻካ የሚባል ድልድይ አለ፤ ሙሉ በሙሉ ከሣር የተገመደ ነው። በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉ ማኅበረሰቦች በየዓመቱ ሰኔ ላይ ተሰብስበው አሮጌውን ወንዙ ውስጥ ይጥሉታል፤ አዲስ ገምደው ይሰቅላሉ። ከኢንካ ዘመን የወረደው ይህ ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። መንዝም ሣሩ ነበረው፤ ገመዱም ነበረው፤ በጋራ የመጠበቅ ሥርዓቱማ ከማንም አይተናነስም። የመንዝ ገመድ ግን ቤት ሲማግርና ጭነት ሲያስር ኖረ። ገደሉ አጥር ለሆነ ሕዝብ በላዩ ገመድ መዘርጋት በገዛ ቤቱ ላይ ቀዳዳ መክፈት ይሆንበት ነበር ቢባል ብዙም ማጋነን አይመስልም። በዓባይ በኩል ያለው ሰው ወንዝ ሲሻገር አየር በተነፋበት ስልቻ ይንሳፈፋል፤ ወይ ታንኳ ይቀዝፋል።

ለውጡን ያመጡት የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ናቸው። ከመቅደላ እ.ኤ.አ. በ1865 አምልጠው የአባታቸውን አልጋ የያዙት ምኒልክ የእጅ ሥራ የሚያውቅ ፈረንጅ ሲፈልጉ ቆይተው፣ በ1879 አልፍሬድ ኢልግ የተባለ የስዊዝ ወጣት መሐንዲስ አንኮበር ደረሰላቸው። በዙሪክ የተማረው ኢልግ ያን ጊዜ ገና 25 ዓመት አልሞላውም። ንጉሡ መጀመሪያ ጫማ ሥራልኝ አሉት ይባላል፤ መሐንዲስ ጫማ ሰፊ አይደለም ቢላቸውም ሠርቶ አቀረበ። ጨዋታው እውነት ይሁን የተጋነነ፣ የዘመኑን ፈተና ያሳያል፦ እጁን ያላሳየ ፈረንጅ ወሬኛ ነው።

ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ። ሥራው ከባድ ነበር። ግንዱ ከሩቅ በሰው ትከሻ መጣ፤ ምስማሩና ብሎኑ እዚያው በእጅ ተቀጠቀጠ፤ ቦታው ንዳድ ያለበት ቆላ ስለሆነ ሠራተኛው ቀን በሙቀት፣ ሌሊት በአውሬ ሥጋት ያድራል። እስከዚያ ድረስ አዋሽ የሸዋ የታችኛው አጥር ነበር፤ ሃሪስም፣ ከእሱ በፊት ሚሲዮናዊው ክራፕፍም ያለ ድልድይ ነው የተሻገሩት። ድልድዩ ሲቆም ሸዋ ወደ ሐረር ተከፈተች። ከዚያ ወዲያ አንኮበር ራሷ አላስፈለገችም። ቤተ መንግሥቱ መጀመሪያ ወደ እንጦጦ፣ በ1886 ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ወረደ። ድልድይ የሠራ መንግሥት ገደል ላይ አይቀመጥም። ጫፉ ላይ የቀረው የድንጋይ ፍርስራሽና የአብያተ ክርስቲያናቱ ደወል ነው።

የመቅደላው ሌላ እስረኛ፣ የሣህለ ሥላሴ ልጅ ራስ ዳርጌ፣ ሰላሌን ገዙ። በአርሲ ዘመቻ ስማቸው በመራራ የሚነሣ ቢሆንም ደብረ ሊባኖስ አጠገብ ያሠሩት የድንጋይ ድልድይ ግን ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቤተሰብ ከሚወዳቸው የአንድ ቀን መዝናኛዎች አንዱ ነው። ስሙን ሲጠየቅ ሁሉም የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል። አስጎብኚዎቹ አንዳንዴ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይላሉ፣ ድንጋዩ በኖራና በሰጎን እንቁላል ተለሰነ ብለው ይጨምራሉ። ድልድዩ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሥራ ነው። ፖርቱጋሎች ከኢትዮጵያ የወጡት ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ነው። አንድ የሸዋ መስፍን ያሠራውን ለባዕድ መስጠት ምን የሚሉት ልማድ ነው? ምናልባት የሚያምር ድንጋይ ሲያይ ፈረንጅ የሚታየው ዓይን ነው።

የእሑድ ሥርዓቱ ግን ይህን ክርክር አይጠብቅም። ከፍቼ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ መኪና ይቆማል። አያት ከዛፍ ጥላ ሥር ጋቢ አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ እናት ዳቦ ቆሎና በሶ ታወጣለች፤ ልጆች ወደ ድልድዩ ይሮጣሉ። ቁልቁል ወንዙ በበጋ ቀጭን ነው፤ ነሐሴ ላይ ከድልድዩ ሥር ወጥቶ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረወር ይጮሃል። ዝንጀሮው መጥቶ ዳቦውን ይነጥቃል፤ ይሄ ደግሞ የማይቀር የፕሮግራሙ ክፍል ነው። ብዙዎቹ ወደ ገዳሙ ሊሳለሙ ከመጡበት ጉዞ ነው ጎራ ያሉት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ተክለ ሃይማኖት የተመሠረተው ደብረ ሊባኖስ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የጣሊያን ወራሪው ግራዚያኒ መነኮሳቱንና ምዕመኑን በግፍ ያስፈጀበት፣ አሁንም የጸበልና የንግሥ ቦታ ነው። ሽርሽር በደጋው ልማድ ራሱን ችሎ የቆመ ነገር አልነበረም፤ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ከቀዬው የሚወጣው ለንግሥ፣ ለጥምቀት፣ ለስለት ነው። መዝናናቱ በመንገድ ዳር፣ በስንቁ አካባቢ፣ በደንብ ሳይነገርለት ኖሯል።

ከደብረ ሊባኖሱ ድልድይ በዕድሜ የሚበልጡት ዓባይ ላይና አካባቢው ያሉት ናቸው። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው የአላታ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ተሠራ፤ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ገና በአገሩ ነበሩና የፖርቱጋል መባሉ አይከለከልም። ሁለተኛው፣ በሞጣና በደቡብ ጎንደር መካከል ያለው፣ የዐፄ ፋሲለደስ ነው፤ ሚሲዮናውያኑን ያባረሩት እሳቸው ራሳቸው ሆነው ሳለ ይህንንም ሕዝብ የፖርቱጋል ይለዋል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጠላት እንዳይሻገርበት አንዱ ቅስቱ ተሰበረ። ሰባራ ድልድይ የሚባለውም ለዚህ ነው። ጦርነቱ አለቀ፤ የተሰበረው ግን ለስልሳ ዓመታት ሳይጠገን ቀረ።

በእነዚያ ዓመታት ሰው እንዴት ተሻገረ? በገመድ። በተሰበረው ቅስት በግራና በቀኝ ጎበዞች ይሰለፋሉ፣ ገመዱን ይወረውራሉ፣ ተሻጋሪው ወገቡን ይታሰራል፣ ከክፍተቱ በላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ሙሽራ እንዲሁ አለፈ፤ ታማሚ እንዲሁ አለፈ፤ በርበሬና እህል እንዲሁ። ከታች ዓባይ አለ። ካፒላኖ ላይ ትኬት የሚቆረጥለት ፍርሃት እዚህ ወደ ገበያ የሚያስኬድ መንገድ ነበር።

ይህንን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ እ.ኤ.አ. በ2001 ፎቶውን አይቶ ድልድዩን ልጠግን ብሎ ተነሣ፤ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው ድርጅት የተመሠረተው ከዚያ ነው። በ2002 የተሰበረው ቅስት በብረት ተገጠመ። በ2005 ጎርፍ ጠረገው። ዓባይን ያላወቀ ሰው ሥራ ነበር ቢባል አያስቀይምም። በ2009 ሌላ ሐሳብ መጣ፦ ወንዙ ሊደርስበት የማይችል፣ ከፍ ብሎ ከአፋፍ ወደ አፋፍ የሚንጠለጠል የብረት ገመድ ድልድይ። እሱ ቆመ።

የተንጠለጠለ ድልድይ ጥበቡ ቀላል ነው። በሁለቱም አፋፍ ላይ ድንጋይና ኮንክሪት የተሞላ ትልቅ መልሕቅ መሬት ውስጥ ይቀበራል። የብረት ገመዶቹ ከዚያ ወደዚያ ይወጠራሉ፤ ሙሉ በሙሉ ቀጥ እንዲሉ ሳይሆን መሀሉ ረገብ ብሎ እንዲወርድ ሆኖ ነው የሚለካው፤ የበለጠ ከተወጠረ መልሕቁን ይነቅላልና። የሳንቃ ወይም የብረት ወለል በላያቸው ይነጠፋል፤ ግራና ቀኝ ሽቦ መረብ ይታሰራል። ወንዝ ውስጥ የሚቆም ምሰሶ የለም፤ ስለዚህ ጎርፍ የሚገፋው ነገር አያገኝም። መኪና በማይገባበት ሸለቆ ቶን የሚመዝነውን ገመድ የሚያጓጉዘው ሰው ነው። ገመዱ ሳይቆረጥ ይዘረጋና በደርዘኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በየትከሻቸው ተሸክመው በአንድ ረድፍ ይሄዳሉ፤ አንዱ ቢቆም ሁሉም ይቆማል። በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ድልድዮች የተሠሩባት ኔፓል ናት፤ የስዊዙ ሄልቬታስ ድርጅትም ያንን ልምድ ወደ ኢትዮጵያ አምጥቶ በአማራ ክልል ብዙ ወንዞች ላይ አሠርቷል። ኢልግም ስዊዛዊ ነበረ፤ ተራራማ አገር ለተራራማ አገር ይመካከራል።

መወዛወዙስ? በመጠኑ ሲሆን ጤና ነው። ልጆች መሀል ላይ ቆመው ሲዘሉ አባቶች የሚቆጡት ግን ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1831 እንግሊዝ ውስጥ ብሮውተን በተባለ ቦታ ወታደሮች እግራቸውን አስተካክለው በሰልፍ ሲረግጡ የተንጠለጠለው ድልድይ ተሰብሮ ወደቀ፤ በ1850 በፈረንሳዩ አንዤ ደግሞ ሌላ የተንጠለጠለ ድልድይ ወድቆ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ከብሮውተን ወዲህ ወታደር ድልድይ ላይ እርምጃውን እንዲያበላሽ ይታዘዛል። ለሽርሽር የመጣ ቤተሰብ እግሩን ማስተካከል ስለማያውቅ በዚህ በኩል ሥጋት የለበትም።

በአማራ ክልል ቤተሰብ በብዛት የሚረግጠው የተንጠለጠለ ድልድይ ጢስ ዓባይ ያለው ነው። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ መጀመሪያ የሱስንዮስን ድንጋይ ተሻግሮ፣ 45 ሜትር ያህል የሚወረወረውን ፏፏቴ አይቶ፣ በሽቦ ገመዱ ላይ ተወዛውዞ መመለስ የተለመደ ዙር ሆኗል። አንድ ሰው በግማሽ ቀን አራት መቶ ዓመት የድልድይ ታሪክ ይረግጣል።

ሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ መንገዱ በሌላ ቦታ አለፈ። ጣሊያኖች ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ መንገድ ሲያሠሩ አንኮበርን ትተው በደብረ ሲና በኩል ሄዱ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ተራራውን በስተው የጣርማ በርን ዋሻ ቆፈሩ። ስሙን ሙሶሊኒ ብለውት ነበር። ድልድይ ሳይሠራ ገደሉ በሆዱ ተቀደደ፤ ነጋዴውም መኪናውም በዚያ አለፈና የአንኮበር ዳገት ለወፍ ተመልካችና ለተሳላሚ ቀረ። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደብረ ሲና ሲደርስ ግን ያው አፋፍ እንደ ጥንቱ ምሽግ ሆነ። ከዚያ ወዲህም የጸጥታው ነገር እየተነሣ እየወደቀ ስለሆነ ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት ስልክ ደውሎ ይጠይቃል።

ሰላም በሆነ ቀን የሚቆመው ከዋሻው አጠገብ፣ የምኒልክ መስኮት በሚባለው አፋፍ ላይ ነው። ድንጋዩ እንደ መስኮት ተከፍቶ ቆላው ከታች ይዘረጋል። ጭላዳዎቹ ሰው ስለለመዱ አይሸሹም። የአካባቢው ልጆች ከበግ ፀጉር የተሠራ ቆብ ይዘው ይመጣሉ፣ ዋጋ ይጠራል፣ ይወርዳል፣ ሕፃኑ ቆቡን ለብሶ ፎቶ ይነሣል። አንኮበር ላይ ደግሞ የድሮው ግቢ በነበረበት ጫፍ ላይ በቤተ መንግሥቱ አምሳል የተሠራ ሎጅ አለ። ወደ እሱ የሚያወጣው ደረጃ ረጅም ነው፤ ደጋ ያልለመደ ሰው ሦስት አራት ጊዜ አርፎ ነው የሚጨርሰው። ሣህለ ሥላሴ ያሳጠሩት አጥር የለም፤ የሚፈትሽ ዘብ የለም፤ የሚጠይቀው የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ነው።

የተንጠለጠሉ ድልድዮችን ግን አንድ ነገር ይለያቸዋል። በካፒላኖ የሚመላለሰው ጎብኚ ብቻ ነው። በጢስ ዓባይ ገበያ በሚውልበት ቀን ግን ድልድዩ የገበሬው ነው፤ እሱ እህሉን፣ ማገዶውን፣ በጎቹን ይዞ ያልፋል። ወለሉ ጠባብ ነው። የከተማው ቤተሰብ መሀል ላይ ቆሞ ፎቶ ሲነሣ ከኋላው ጭነት ያዘለች አህያ ትመጣለች፣ ነጂው «ዞር በሉ!» ይላል። አህያ ወደ ኋላ አትመለስምና የሚጠጋው ፎቶ ተነሺው ነው፤ ልጆቹን በሽቦው መረብ ላይ አስደግፎ፣ ጭነቱ ጎኑን እየታከከው እስኪያልፍ ይቆማል።